ሰሃኑን አንቺ እጠቢላት

ውዴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዓመት ከመንፈቅ ድምፄን ማጥፋቴ ረስቼሽ አይደለም። ከወለድኩ በኋላ አሞኝ ነበር፤ መናገሩን አፈርኩበት። እህትሽ «ለልጄ ምንም አይሰማኝም» እንዳለች ስሰማ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ልጄ ስታለቅስ ተነስቼ አጠባታለሁ፣ አለብሳታለሁ። እጄ ይሠራል፤ ልቤ የለም። የሌላ ሰው ልጅ በአደራ የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስ አብዛኛውን እናት ያጋጥማል፣ በ2 ሳምንት ውስጥም ይተዋል። የእኔ ግን ወር አልፎትም ባሰበት። ለካ ድባቴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከወለዱ 100 እናቶች 13 ያህሉ የአእምሮ ሕመም ያጋጥማቸዋል፤ በዋናነትም ድባቴ።

ምክሩና መድኃኒቱ ጭንቀቱን አቀለሉልኝ። (እያጠቡ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ እህትሽ ሐኪሟን ትጠይቅ።) ከልጄ ጋር መላመዱ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። አማካሪዬ «ስሜቱን አትጠብቂ፣ አውሪያት» አለችኝ። ጨቅላ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ነው፤ ስታጠቢ ፊትሽ ያለበት ቦታ ማለት ነው። አንድ ቀን እያጠባኋት በለሆሳስ ማውራት ጀመርኩ። ጡቴን ሳትለቅ መጥባቷን ገታ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ። ዝም ስል ጠባች። ሳወራ እንደገና አቆመች። ፍቅር ተሰማኝ አልልሽም። «ታውቀኛለች» ግን አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያልን ተላመድን።

ሊያግዙኝ የሚመጡት ሁሉ ግን ልጅቷን ነበር የሚወስዱብኝ። ሌሊት ተቀብለውኝ ጥቂት ሰዓት መተኛቴ በጣም ጠቅሞኛል። ቀን ቀን ግን እሷ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር እኔ ሰሃን አጥብ ነበር። ታዲያ መቼ ልላመዳት? ስለዚህ ሰሃኑን አንቺ እጠቢ። ልብሱን እጠፊ። ልጁን እህትሽ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አስተኚላትና አጠገቧ ቁጭ በይ። «አየሽ፣ ድምፅሽን ሲሰማ ዝም አለ» በያት፤ ለእሷ አይታያትም። «እናት አይደለሽም ወይ?» ግን በፍጹም አትበያት። ያ ቃል እኔን አንድ ወር አልጋ ላይ አስቀርቶኛል።

ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ካላት፣ ወይም የሌለ ነገር ካየች ወይ ከሰማች፣ ለብቻዋ እንዳትተያት። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።

የእኔዋ ቀሚሴን ይዛ ቆማ «እቀፊኝ» እያለች ነው፤ ልነሳ። እሁድ እደውልልሻለሁ። እህትሽም ፈቃደኛ ከሆነች ላናግራት።

ያንቺው