ፍላሽ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ሱቃችን "ሊኑክስ ጫንልኝ" (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ስርዓተ ክወና ነው) የሚል ደንበኛ በዝቷል። ስለ ሊኑክስ አጫጫን የወጣው አምዳችሁ "ፋይሉን ፍላሽ ላይ ጽፋችሁ አስነሱ" ሲል አንድ ነገር ዘለለ። መጀመሪያ ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ የተመሰለ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚፈጥር ፕሮግራም) ላይ ሞክሩታ! የወረደውን አይኤስኦ (የሊኑክሱን መጫኛ ፋይል) እንደ ሲዲ አስገብቶ ማስነሳት ነው፤ የኮምፒውተሩን ዲስክ አይነካም። የኢኤፍአይ (የአዳዲስ ኮምፒውተሮች አነሳስ) ምርጫውን አብሩ፤ አለዚያ የምትፈትኑት የድሮውን የባዮስ አነሳስ ነው። ካልተነሳ ፋይሉ ሲወርድ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል (በእኛ ኔትወርክ ብርቅ አይደለም)፣ የሻ-256 ቁጥሩን (የፋይሉን የጣት አሻራ በሉት) አውራጁ ድረ ገጽ ላይ ከተጻፈው ጋር አመሳክሩ።

ዋይፋይ ግን እዚያ አይፈተንም። ቨርቹዋል ማሽኑ የሚያየው የተመሰለ የኔትወርክ ካርድ ነው። ዋይፋዩን ራሱ ላፕቶፑ ላይ በፍላሽ አስነስቶ፣ ሳይጭኑ ማየት ነው። እኔ ደንበኛው ፊት ነው የማየው፤ "አንተ ነህ ያበላሸኸው" ከመባል ያድናል።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከመገናኛ