ችግኝ አለን፤ ያጠረን የበጋ ውሃና አጥር ነው

የድጋፍ ጥሪ ለሽሮ ሜዳ ነዋሪዎችና በውጭ አገር ለምትኖሩ የሰፈሩ ልጆች

ችግኝ ስጡን አንልም። ክረምት በገባ ቁጥር ችግኝ አይጠፋም፣ ተካይም ሞልቷል። ችግሩ የሚመጣው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ዝናቡ ያቆማል፣ አጠጪ የለም፣ ለበዓል የተገዛ በግ ችግኙ ላይ ይታሰራል። ገመዱ ቅርፊቱን ዙሪያውን ከላጠው ቅጠሉ ለተወሰነ ጊዜ አረንጓዴ ይመስላል እንጂ ምግብ ወደ ሥሩ ስለማይወርድ መድረቁ አይቀርም። የምንለምነው ለሁለት በጋ የሚሆን ውሃና አጥር ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥሩ ስለሚጠልቅ አብዛኛው ራሱን ይችላል።

በመጪው ክረምት በመንገዱ ዳርና በእድሩ ግቢ ዙሪያ 60 ዛፍ እንተክላለን፦ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ የሐበሻ ጽድ፣ ኮሶ። የመብራት ሽቦ ካለበት ሥር የሚገባው ወይራ ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ መከርከምም ይችላል። ዋርካ ጥላው ቢያጓጓም ሥሩ ቧንቧና ግንብ ይሰነጥቃል። ባሕር ዛፍም የለበትም፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለከተማው ማገዶና አጣና ሰጥቷል፣ ለመንገድ ዳር ግን አይሆንም።

ለአንድ ዛፍ አጥር 2 ሜትር የሚረዝም 3 አጣናና 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው 2 ሜትር የሽቦ መረብ ያስፈልጋል። በጠቅላላው 180 አጣናና 120 ሜትር መረብ ማለት ነው። አጣናው 50 ሳንቲ ሜትር ስለሚቀበር ምስጥ ቶሎ እንዳይበላው ጫፉን በእሳት እንለበልበዋለን። እባካችሁ የተቃጠለ ዘይት ቀብታችሁ አታምጡ፤ አፈሩን ይበክላል።

ወጪው የሚከብደው ውሃው ላይ ነው። አንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ጄሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር፣ በአንድ ጊዜ ቀስ ተብሎ ይጠጣል። በየቀኑ አንድ ጆግ የሚያፈሱለት ደግ ሰዎች ሳያውቁት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀሩታል። ለ60 ዛፍ በሳምንት 1,200 ሊትር ስለሚሆን፣ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ አራት ሳምንት ያደርሳል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሮቶውን በቦቴ 8 ጊዜ፣ በሁለት በጋ 16 ጊዜ ማስሞላት ይኖርብናል። በልግ ከዘነበ የሚተርፈው ገንዘብ ለቀጣዩ በጋ ይቀመጣል። ሰፈራችን ቁልቁለት ስለሆነ ከእያንዳንዱ ችግኝ በታች በኩል ውሃ የሚይዝ የግማሽ ጨረቃ እርከን እንሠራለን፤ ያለዚያ ግማሹ ወደ ቱቦ ይወርዳል። የላቫጆና የልብስ እጥበት ውሃ አንቀበልም።

ጉድጓዱ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው። የላይኛው አፈር ለብቻው ተቀምጦ ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ይመለሳል። ላስቲኩ ተቀዶ ይወጣል፣ የተጠማዘዘ ሥር ይቆረጣል፣ አንገቱ፣ ማለትም ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት፣ ከመሬት ጋር እኩል ይሆናል እንጂ አይቀበርም። ለዚህ 3 ዲጂኖና 6 አካፋ ያለው ያውሰን። በዚያው ዲጂኖ እስከ ግንዳቸው ድረስ ሲሚንቶ የተደፋባቸውን የቆዩ ዛፎች ዙሪያ 1 ሜትር እንከፍታለን፤ ሥር አየር ካላገኘ ትልቁም ዛፍ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል።

ውጭ ያላችሁ ዕቃ ከመላክ ይልቅ ለሮቶና ለቦቴ ብታዋጡ ይበጃል። እዚህ ያላችሁ 15 ቤተሰቦች አራት አራት ዛፍ የማጠጣት ተራ ብትይዙ ሠራተኛ መቅጠር አያስፈልገንም። ገንዘቡን የሚቀበለው የእድሩ ገንዘብ ያዥ ብቻ ነው፤ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትይዙ አትሂዱ። የለጋሾች ስም በመዝገብ ይጻፋል፤ ዛፍ ላይ በሚስማር አይመታም። ጉድጓዱ በሰኔ ተቆፍሮ በሐምሌ ስለሚተከል፣ መዋጮው እስከ ግንቦት 30 ቢጠናቀቅ ሮቶውም መረቡም ቀድሞ ይገዛል።