የዚህ ወር መጽሐፍ ነገር

ሰላም ወዳጆች፣

የቀይ ሽብሩን ማስታወሻ ጨረስኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልጣመኝም። ጸሐፊው ሚያዝያ 1969 አብዮት አደባባይ (የዛሬው መስቀል አደባባይ) ነበርኩ ይላል። የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለማርያም ቀይ ፈሳሽ የሞላበትን ጠርሙስ ሲሰብር አይቷል። ያቺን ቅጽበት ግን በሁለት መስመር ያልፋታል! ከዚያ አርባ ገጽ ሙሉ የዘመኑ ተቀናቃኝ ፓርቲዎች፣ የኢሕአፓና የመኢሶን ክርክር። ይሄንንማ ስንቴ አነበብነው።

እኔ የጓጓሁት ለቀበሌው እስር ቤት ነበር። ማታ ስም ሲጠራ ክፍሉ ውስጥ ምን ይሰማ ነበር? አንድ ቦታ ብቻ ያሳየናል፦ ለአንድ ልጅ የመጣው ምሳ ዕቃ ሳይነካ ተመለሰ። እናትየው ምንም አልጠየቁም። እዚያ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ቁጭ አልኩ።

ቅዳሜ ስንገናኝ ከቤተሰብ የሰማችሁትን ይዛችሁ ኑ። መስቀል አደባባይ ያለውን የሰማዕታት ሙዚየም ያላያችሁ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ጎራ በሉ።