ቅዳሜ ልጆቹን ሙዚየም ስለመውሰድ

ሰላም ቤተሰብ፣ ቅዳሜ ማየት የተሳናቸውን ልጆች ይዘን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ስለምንሄድ ማን እንደሚመጣ እስከ ማታ ማወቅ አለብን፣ ለአንድ ልጅ አንድ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ጠዋት 3 ሰዓት በሩ ላይ እንገናኝ። ከመግባታችን በፊት ግን ቁጭ ብለን የሚዳሰሰውን እናስዳስሳቸዋለን ምክንያቱም ድንቅነሽ መስታወት ውስጥ ናት፣ መስታወት ዳሰው ምን ያገኛሉ? የትከሻዋና የጉልበቷ የስሪዲ ፋይል በፈረንጆቹ 2016 ኢንተርኔት ላይ ስለተለቀቀ በልኩ ፕሪንት አርገነዋል። የጭን አጥንቷ ጉልበት ጋ ሲደርስ ዘመም ይላል፣ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ከሚያሳዩት አንዱ እሱ ነው፣ እና ልጆቹ እሱን ከዳሰሱ በኋላ የራሳቸውን ጉልበት ይንኩ። ቁመቷ 1.1 ሜትር ገደማ ስለሆነ ገመድ ቆርጠን ከነሱ ቁመት ጋር እናስተያያለን፣ ይሄን በጣም ነው የሚወዱት ብዬ የማስበው።

ቤት ያላችሁን ጀበና፣ ሞሰብ፣ የእንጨት መስቀል፣ ክራር አምጡ። የምትሳሱለትን ዕቃ ግን ተዉት፣ "ቀስ፣ ቀስ" እያልን አናሳቅቃቸውም። የልጆቹን እጅ ይዛችሁ አትጎትቱ፣ የናንተን እጅ ከስር አርጉና እነሱ ይከተሉ። "እዚህ ጋ፣ እዛ ጋ" አይሰራም፣ "በቀኝህ፣ ከላይ" በሉ።

የምትመጡ "አለሁ" ብላችሁ የምታመጡትን ዕቃ ጻፉልኝ፣ ሁሉም ጀበና ይዞ እንዳይመጣ። መኪና ያላችሁም ስንት ሰው እንደምትጭኑ ንገሩኝ።