አባይን በፎሌ አትውረጂ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቴን ትላለች፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አልቀረችም። ደብረ ማርቆስ ሰሞኑን ብርድ ነው። የላክሽልኝ ሹራብ ደርሶኛል፣ ትንሽ ጠበበኝ፤ ለአጎትሽ ሰጠሁት።

ደብዳቤ የጻፍኩት በስልክ ስናወራ ስለምታስቂኝ ነው። ልቆጣ ስል «ኧረ አባዬ» ትያለሽ፣ እስቃለሁ፣ ነገሩ ያልፋል። ይሄን የወንድምሽ ልጅ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ መሪ ላይ ሆነሽ እንዳታነቢ።

በቤተሰቡ ቴሌግራም የለቀቅሽውን ቪዲዮ አየሁት። ልጁ ነው ያሳየኝ። የአባይ በረሃ ቁልቁለት፣ ጓደኛሽ ትቀርጻለች፣ አንቺ ትስቂያለሽ። «አባዬ፣ ያለ ነዳጅ አባይን ወረድኩልህ» ትያለሽ። ሁሉም ልብ ልኮልሻል። እኔ መሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ የበራችውን «ኤን» ነው ያየሁት። ሦስቴ አስደገምኩት። ኤን ናት። ፎሌ ነው፤ ማርሽ አልገባም።

ልጄ፣ አባይን በፎሌ አትውረጂ።

መኪናሽን ጠልቼ አይደለም። ለፋሲካ ስትመጪ እስከ ደምበጫ የነዳኋትን አልረሳውም። ጠዋት ነበር፣ በጣም ይበርድ ነበር። ያቺ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለች ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ጠብቂ ብዬሽ ጠበቅን። ስትነሳ ትንሽ ተንኳኳች። ናፍጣ ናት፣ አትደብቅም። ሲሞቃት ግን የሚሰማው የነፋስ ድምፅ ብቻ ሆነ። አቀበቱ ላይ አንድ አይሱዙ ጭሱን እየለቀቀ ይሄድ ነበር። ነዳጁን ረገጥ አደረግኩ። መጀመሪያ ትንሽ አሰበች፣ ቱርቦዋ እስክትነቃ። ከዚያ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ፤ አይሱዙው በመስታወት ብቻ ቀረ። አላጓራችም። እናትሽ ከኋላ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፣ አልነቃችም።

የኔ ልጅ፣ ማርቸዲስ እንዲህ ሲሆን መቼ አየሁ? እኔ የማውቃቸው ናፍጣዎች ከሩቅ ይሰሙ ነበር። ያንቺዋ በፈረንጅ የ2004 ሞዴል ኢ 220 ሲዲአይ ናት፤ ሞተሯ 2,148 ሲሲ፣ ጉልበቷ 150 ፈረስ። ፈረሱ ብዙ አይደለም። ዋናው ነገር በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ 340 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል መስጠቷ ነው። ሳትጮህ የምትጎትተው ለዚህ ነው። ደግሞ በኛ አገር ከፍታ ቱርቦ ትልቅ ነገር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ጉልበቱ ወደ አሥር በመቶ ይቀንሳል። ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ያቺ የድሮ ትንሿ ቤንዚን መኪናሽ እኛ ጋ የምትደርሰው ሩብ ጉልበቷን አጥታ ነበር። ይቺኛዋ አየሩን ጨምቃ ነው የምታስገባው፣ ቀጭን አየር ብዙ አይጎዳትም።

ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር በ20 ሊትር መጣሁ ስትዪኝ አላመንኩሽም ነበር። 20 ሊትር ለኛ ለኤንትሬ፣ ለዚያ ለድሮው የፊያት ጭነት መኪና፣ ከአባይ ድልድይ ደጀን መውጫ ነበረች። ያውም ተሳቢ ከሌለ።

ታላቅ ወንድምሽ ኤሌክትሪክ ግዢ ሲልሽ እምቢ ብለሽ ይቺን ገዛሽ። ደህና። በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ እንዲህ ያለችው አትተካም። ያዢያት። ግን በፎሌ አትውረጂባት።

አሁን የሚያስቀውን ልንገርሽ። በፎሌ ስትወርጂ አንዲት ጠብታ አላተረፍሽም። በማርሽ ስትወርጂ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። እግርሽን ከነዳጅ ላይ ካነሳሽ ኮምፒውተሩ ናፍጣውን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። በፎሌ ግን ጎማና ሞተር ተለያዩ። ሞተሩ እንዳይጠፋ ራሱን ችሎ መዞር አለበት፤ ስለዚህ ይጠጣል። «ያለ ነዳጅ ወረድኩ» ያልሽው፣ እየጠጣች ነው የወረድሽው። በማርሽ ቢሆን ኖሮ እውነት ያለ ነዳጅ ትወርጂ ነበር። ይሄን ያስረዳኝ ካምቢዮ የሚሠራ ወዳጄ ነው፤ ካረጀሁ በኋላ። የኛም የድሮው የናፍጣ ፖምፓ ቢሆን እንደዚያው ይዘጋ ነበር አለኝ። የዚያን ቀን ማታ እራት አልበላሁም። እናትሽ ሆዴን ያመመኝ መስሏት ዳማከሴ አፈላችልኝ።

ለምን እንዳልበላሁ ልንገርሽ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

የአጎትሽን እግር ታውቂዋለሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ በክራንች ነው ያየሽው። ታሪኩንም ታውቂዋለሽ፤ «ፍሬን እንቢ ብሎ ነው»። እናትሽም የምታውቀው ይሄንኑ ነው። ትራፊክም የጻፈው ይሄንኑ ነው።

1979 ዓ.ም. ነው። ከብቸና ጤፍ ጭነን ወደ አዲስ አበባ። አጎትሽ ረዳቴ ነበር፣ ገና ጢሙ ያልበቀለ። ያኔ ባለንብረቱ ለአንድ ጉዞ የተወሰነ ናፍጣ ይሰጣል። የተረፈው የሾፌሩ ነው። እናትሽ አንቺን ልትገላገል ሁለት ወር ቀርቷታል። ለክርስትናሽ ሙክት አስቤያለሁ። አንዲት ጄሪካን ባተርፍ፣ ሁለት ብትሆን… ሾፌር ሁሉ የሚያደርገው ነው። ከደጀን እንደወጣን ፎሌ አደረግኩት። አጎትሽ አየኝ። «ጋሼ፣ ማርሽ» አለኝ። «ዝም በል» አልኩት።

ኩራር ሳንደርስ ፍሬኑ መሽተት ጀመረ። የሚሸተው ምን እንደሚመስል ልነግርሽ አልችልም፤ አንዴ ካሸተትሽው ግን አይለቅሽም። ፔዳሉ ወለል ነካ። ማርሽ ላስገባ ብል ፍጥነቱ አልፏል፣ ጥርሱ እየጮኸ ይመልሰኛል። ያለኝ አማራጭ ወደ ተራራው ማስጠጋት ነበር። በጎኑ ድንጋዩን እየፋቅኩ ቀዘቀዘልኝ። ሊቆም ትንሽ ሲቀረው አጎትሽ ታኮውን ይዞ ዘለለ። ዝለል አላልኩትም። ረዳት ነው፣ ሥራው ነው። ታኮውን ከኋላ ጎማ ፊት ወረወረ፤ መኪናው ግን ታኮውን ገፍቶ አንድ ክንድ ያህል ሄደ። አንድ ክንድ ብቻ።

ሰዎች በቃሬዛ አውጥተውት ማርቆስ ሐኪም ቤት ስንደርስ መሽቷል። ትራፊኩ ሲመጣ እኔ አፌ ተሳሰረ። የመለሰው እሱ ነው፤ ከአልጋው ላይ ሆኖ። «ፍሬን እንቢ አለ» አለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላነሳብኝም። ለእህቱም አልነገራት። ክርስትናሽ ላይ ሙክት ነበረ፤ ከየት እንደመጣ ግን አትጠይቂኝ። እኔ አልቀመስኩትም።

ይሄን የምጽፈው አንቺን ለመውቀስ አይደለም። አንቺ ሆድ ውስጥ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ? ግን ቪዲዮሽን ያየሁት ከሱ ጋር ተቀምጬ ነው። እሱም ኤኗን አያት። ክራንቹን አነሳና «ልሂድ» አለኝ። ቡናውን ሳይጨርስ።

በፎሌ አትውረጂ እልሻለሁ።

አሁን ደግሞ ስሚኝ፤ የሾፌር ነገር ነው። ጎሃ ጽዮን ስትደርሺ ቁሚ። ፍሬኑን ያዝ አድርጊና በደንብ መያዙን እዪ። ከዚያ ወደ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርጂው። የማርሽ ዱላዋን ወደ ግራ ነካ ስታደርጊያት 4፣ 3፣ 2 እያለች ትወርዳለች። 3 ላይ አድርጊያት፤ ኩርባው ሲበዛ 2። ሞተሯ ትጮሃለች፣ አትፍሪ፣ ይዛሽ ነው። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ አየሩን የሚያንቅ በር አይዘጋም፣ ስለዚህ እግርሽን ስታነሺ የሚይዝሽ ቀለል ባለ ነው። ከባድ መኪኖች የጭስ ማውጫ ፍሬን የሚገጠምላቸው ለዚሁ ነው። «4 ላይ ይበቃኛል» አትበዪ። ፍሬኑን እያሻሸሽ አትውረጂ፤ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቂ፣ ይብረድ።

የፍሬን ዘይቱ ከተቀየረ ስንት ጊዜው ነው? ሁለት ዓመት ካለፈው ቀይሪው። ውሃ ይስባል፤ ሲግል ይፈላል፤ ሲፈላ ፍሬንሽ አይይዝም።

ናፍጣ ከመንገድ ዳር በጄሪካን አትግዢ። ማደያ ሰልፍ ነው አልሽኝ፤ ተሰለፊ። የኛ ኤንትሬ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትንም ውሃ የገባበትንም እያሳለ ይሄዳል። ያንቺዋ ናፍጣውን እስከ 1,600 ባር ጨምቃ ነው የምትረጨው። ጎማሽ ውስጥ ያለው ሁለት ባር ከምናምን ነው፤ ልዩነቱን አስቢው። ትንሽ ቆሻሻ ናፍጣውን የሚረጨውን ኢንጀክተር ይበላዋል፣ ዋጋውን ደግሞ እኔና እናትሽ ሰምተን አንተኛም። ማደያ ላይም ልጁ ቤንዚን እንዳይቀዳልሽ ወርደሽ ቁሚ። ቆንጆ መኪና ሲያዩ ቤንዚን ይመስላቸዋል።

የገጠር ፒስታም አይሆናትም፣ ሆዷ ዝቅ ያለ ነው። ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ በሚኒባስ እንሄዳለን፣ ምንም አይደል። ማታም አትንጂ። መንገዱ እንዴት እንደሆነ ሳትጠይቂም አትነሺ፤ ለኔ ደውዪ፣ እኔ መናኸሪያ ሄጄ ሾፌሮቹን እጠይቅልሻለሁ።

በርበሬው ተፈጭቷል። እናትሽ «ስትመጣ ትውሰድ» ብላለች። አምና የወሰድሽውን የፕላስቲክ ባልዲ ይዘሽ ነይ፤ ሁሉም ባልዲ አንቺ ጋ ነው ያለው። ለአጎትሽ ደግሞ የክራንቹን የታችኛውን ጎማ ሁለት ግዢለት። ማርቆስ የለም፣ ያለውም ይንሸራተታል። ልኩን ልጁ ይጽፍልሻል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለእናትሽ እነግራታለሁ። አጎትሽም ባለበት። ምን እንደምትለኝ አላውቅም። አንቺ አስቀድመሽ እንዳትደውዪላት፤ ከኔ አፍ ትስማው።

ቪዲዮውን አጥፊው። የወንድምሽ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት መንጃ ፈቃድ ያወጣል፤ ካንቺ ነው የሚማረው።

ለደብረ ታቦር በዓል ስትመጪ ድልድዩ ጋ ስትደርሺ ኔትወርክ ካለ ደውዪልኝ። ከሌለ ደጀን ላይ። ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ስንት ላይ አድርገሽ እንደወረድሽ ነው የምጠይቅሽ።

አባትሽ
ከደብረ ማርቆስ