አባባ፣ ከወንበሩ ይነሱልኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግር 20 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ፊት ለፊት ስንነጋገር ግን ድምፄ ከፍ ስለሚል መጻፍ መረጥኩ። ልጆቹ ደህና ናቸው። የትንሿ የፊት ጥርስ ወልቆ፣ «ለአባባ አሳይልኝ» ብላ በወረቀት ጠቅልላ ሰጥታኛለች።

ከስትሮኩ በኋላ እንቅስቃሴ የምታለማምድዎትን ፊዚዮቴራፒስት «ሁለተኛ እንዳትመጪ» እንዳሏት ሰማሁ። የሚያሽዎት ሰው በቂ ነው፣ እሷ እጇን እንኳ አታሳርፍም ብለዋል አሉ።

ማሸቱን አልጠላሁትም። የተወጠረ ጡንቻ ያላላል፣ ሕመም ያስታግሳል። እሷም ሲያስፈልግ ታሻለች። ነገር ግን አባባ፣ ስትሮኩ የጎዳው እግርዎን ሳይሆን እግሩን የሚያዘውን አንጎል ነው። አንጎል ደግሞ የጠፋበትን መልሶ የሚለምደው እርስዎ ራስዎ ደጋግመው ሲሞክሩ ነው። ሰውየው ሲያሽዎት ላቡ የእሱ ነው፤ ከእሷ ጋር ሲሠሩ ላቡ የእርስዎ ነው። የመጀመሪያው ቀን «ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» ብላ ስትጠይቅዎ፣ «በ23 አራዳ ጊዮርጊስ ቆሜ ማስቀደስ» አሏት። ከወንበር መነሳትና መቀመጡን ያዘዘችዎት ለዚያ ነው። አምስተኛው ላይ ጭንዎ እየተንቀጠቀጠ፣ ቀኝ እጅዎ የወንበሩን ክንድ ሊይዝ ሄዶ መልሰው ጉልበትዎ ላይ ሲያሳርፉት አይቻለሁ። ኮርቼብዎት ነበር፤ አልነገርኩዎትም።

በዘጠኝ ዓመቴ ከአጥር ወድቄ ክንዴ ሲሰበር ወጌሻ ቤት ወሰዱኝ። ቀርከሃውን አጥብቆ አሰረው። ጣቶቼ ሲደነዝዙ «ወንድ አይደለህ፣ ቻለው» አሉኝ። እማዬ ያን ሌሊት ያለችውን ሁለታችንም እናውቃለን። ክርኔ እስከ ዛሬ አይዘረጋም፤ አንድ ቀንም አንስተነው አናውቅም። ጎረቤት ያመሰገነውን ሰው ከሐኪም ማስቀደምዎ ያኔም ነበር፣ ዛሬም አለ። አሁን ግን የሚታሸው የእርስዎ አካል ነው፤ እኔም እንደ እማዬ በር ላይ ቆሜ ማልቀስ አልፈልግም።

ባትዎ ካበጠ ወይም ከሞቀ ማንም እንዳይነካው። የረጋ ደም ከሆነ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ይደውሉልኝ። የመታጠቢያ ቤቱን ምንጣፍም ያስነሱ፤ ያንሸራትታል።

ሰውየው ይምጣ፣ ማታ ማታ ጀርባዎን ይሽዎት። የግራ ክንድዎን ግን እንዳይጎትተው፤ የደከመ ትከሻ በቀላሉ ይጎዳል። እሷን መልሼ ጠርቻታለሁ። ቅዳሜ በ3 ሰዓት አብረን እንመጣለን። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፈው ይጠብቁን።

ልጅዎ