ጣሪያው ሄደ፤ ሥልጠናው እንዳይሄድ

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያላችሁ የደብረ ብርሃን ልጆች፤

እንደገና እኛው ነን። በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ስንለምናችሁ ያሳፍራል። ግን ምን እናድርግ?

ከቡሄ በፊት በነበረው ቅዳሜ ማታ በረዶው ልጆቹን ሜካትሮኒክስ (መካኒክና ኤሌክትሪክን ያጣመረ ሙያ) የምናሠለጥንበትን የወርክሾፑን ጣሪያ ግማሹን ወደ ውስጥ ደረመሰው። ተመስገን፣ ሰው አልነበረበትም። ዘበኛችን አባባ ሮጠው ገቡና የራሳቸውን ብርድ ልብስ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ላይ ጣሉበት። ማሽኑን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ፒኤልሲው፣ የተረፈው በሳቸው ነው። ሁለት ሴንሰርና አንድ ፓወር ሰፕላይ ግን አልተረፉም።

ስንጀምር የነበረን ባዶ መጋዘንና አንድ የብየዳ ማሽን ነበር። ዛሬ በቁራሌ ዋጋ ገዝተን ያደስነው ኮንቬየር (ዕቃ የሚያጓጉዝ ቀበቶ) አለን። ካርቶን ይመጣል፣ ሴንሰሩ ያያል፣ ፒኤልሲው ይቆጥራል። አምስተኛውን በአየር የሚሠራው ሲሊንደር ገፍቶ ያወጣዋል። የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ልጆቹ ግን ቡናማው የሴንሰር ሽቦ 24 ቮልት፣ ሰማያዊው ዜሮ፣ ጥቁሩ ሲግናል መሆኑን የለመዱት በዚችው ላይ ነው። አየር የሚያፈሰውን ቱቦም በሳሙና አረፋ ፈልገው ያገኙታል።

ፋብሪካ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። ማሽን ሲቆም ኤሌክትሪሺያኑ «የመካኒክ ጉዳይ ነው» ይላል፤ መካኒኩ «የኤሌክትሪክ ነው» ይላል። ባለሙያ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እስኪመጣ ሲጠበቅም አይተናል። ሜካትሮኒክስ የተማረ ሰው ሁለቱንም ያያል። ጀርመን ውስጥ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሥልጠናው 3 ዓመት ተኩል ይፈጃል። የእኛ 9 ወር ያንን አይተካም፤ አንዋሽም። ግን ካሠለጠንናቸው 31 ልጆች 19ኙ የጥገና ክፍል ተቀጥረዋል።

«ጣሪያው ማርጀቱን እያወቃችሁ ለምን ኮምፕሬሰር (የአየር መጭመቂያ) ገዛችሁ?» ያላችሁን ሰምተናል። እናውቅ ነበር። የነበረን 180 ሺህ ብር ለሁለቱም አይበቃም። አየር ከሌለ ሲሊንደር ተራ ብረት ነው፤ ልጆቹም ግማሹን ትምህርት ከሰሌዳ ላይ ነበር የሚማሩት። ጣሪያው አንድ ክረምት ይችላል አልን፤ ተሳሳትን። በኮምፕሬሰሩ ግን አንጸጸትም። ደረሰኙም ሦስቱ ፕሮፎርማዎችም ዕድሩ ቢሮ አሉ፤ መጥታችሁ እዩ። አበል የሚባል ነገር የለም፤ የስብሰባ ሻይ እንኳ ከኪሳችን ነው።

አሁን 420 ሺህ ብር ያስፈልጋል፤ ለቆርቆሮ፣ ለሞራሌ፣ ለሚስማር፣ ለአናጢና ለተበላሹት ዕቃዎች። የገባው 97 ሺህ ነው። ከመስቀል ወዲህ አንድም አልተጨመረም። ቃል ገብታችሁ የቆያችሁ አላችሁ፤ ስም አንጠራም።

ለቤተ ክርስቲያኑም ለመስጊዱም ጣሪያ አብረን ቆርቆሮ ያዋጣን ሰዎች ነን። ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ ይላል ወንጌሉ። ገንዘብ ያዣችን ግን የግድ ማወቅ አለባቸው፤ ስለዚህ ስታስገቡ ደረሰኙን ላኩላቸው።

ገንዘቡ የሚገባው በዕድሩ ስም በተከፈተው፣ በሦስት ፊርማ በሚንቀሳቀሰው ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ የዕድር ደብተራችሁ ጀርባ ላይ ታትሟል። በግለሰብ ስልክ አትላኩ፤ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁም አትላኩ። ምክንያቱን «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ካልተጻፈ ከወርሃዊ መዋጮ ጋር ይቀላቀልብናል። ደግመን እንበል፦ በዕድሩ ስም፣ ቁጥሩ ደብተሩ ጀርባ፣ «ለጣሪያ»።

ቆርቆሮ በዓይነት የምታመጡ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አባባ በር ላይ ይጠብቋችኋል። ጥቅምት ገብቷል፤ ብርድ ልብሳቸው ግን እስከ ዛሬ ሳጥኑ ላይ ነው።

የዕድሩ የወርክሾፕ ኮሚቴ